የአማቷ ስም

ዲላ ውስጥ የጥቅምትን መግባት የምረዳው በአፍንጫዬ ነው። ቀይ ቡና ተፈልፍሎ ገለፈቱ መብላላት ሲጀምር፣ ነፋሱም ከይርጋጨፌ በኩል ሲነሳ፣ ከተማው በሙሉ ኮምጠጥ ያለ፣ ጣፈጥም ያለ፣ ጠላ ሊሆን የጀመረ ነገር ይሸታል። ከሌላ አገር የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አፍንጫቸውን በሻርፕ ሸፍነው ሲያልፉ አያለሁ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ከሸዋ እንደመጣሁ ሰሞን እንደነሱ ነበርኩ። አሁን ግን ያ ሽታ በመጣ ቁጥር አንድ አሮጌ መጋዘን፣ በጠመኔ የነጡ ጣቶችና አንዲት ቃል ትዝ ይሉኛል። ትዝታ ለሌላው ሰው ማር ይሆን ይሆናል። ለእኔ ብዙውን ጊዜ ኮሶ ነው።

ባለፈው ሳምንት ክርና ቁልፍ ልገዛ ወጥቼ ባጃጆች ተራ በሚይዙበት ጥግ ሳልፍ፣ አቮካዶ ከፊቷ የደረደረች ሴት ጠራችኝ።

"ጋሽ ለገሰ! ቀሚሴን መቼ ነው የሚጨርሱልኝ?"

"የምን ቀሚስ?"

"ያኔ የለኩኝ ነዋ! ወፍሬ ሳልጨርስ ቢያደርሱልኝ ምናለ?" ብላ ሳቀች።

በሳቋ አወቅኋት። ቦጋለች ነበረች። ፀጉሯ ሸብቷል፣ ከፊት አንድ ጥርሷ ወልቋል፣ ሳቋ ግን ያው ነው። በመጋዘኑ ውስጥ ከነበርነው ሁሉ አጥርታ የምታነበው እሷ ነበረች። ዛሬ አቮካዶ ትሸጣለች። አቮካዶ መሸጥ ነውር የለውም፤ ለፍቶ መብላት ነው። እኔን ያንገበገበኝ አቮካዶው አይደለም።

ያኔ ስል፣ የወታደሩ መንግሥት ሄዶ ተተኪው ገና ወንበሩን የሚያሞቅበት፣ የብሩ ኖት ተቀይሮ ሰው አዲሱን ከአሮጌው እያስተያየ የሚገረምበት ዘመን ነው። የስፌት መኪናዬን የማቆመው ወደ ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ በአንድ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር። ሱሪ ማሳጠር ሃምሳ ሳንቲም፣ ዚፕ መቀየር አንድ ብር። ሻይ በስሙኒ ይጠጣል፤ ከፓስቲ ጋር ከሆነ ሰው እንደ ምሳ ይቆጥረው ነበር። ተርጋል ሱሪ የለበሰ ጎረምሳ እሑድ እሑድ ሙሽራ መስሎ በአስፋልቱ ይንጎራደዳል፤ ሴቶቹ አበባ አበባ ያለበት ጉርድ ለብሰው ከላይ ሹራብ ጣል ያደርጋሉ። ከጎኔ ካሴት የሚቀዳ ልጅ ነበር፤ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ከጠዋት እስከ ማታ ያስጮኸዋል። እኔም መኪናዬን የምረግጠው በዘፈኑ ምት ነበር። ጭፈራ ሲሆን ስፌቴ ይሮጣል፤ ትዝታ ሲሆን ደግሞ ጥልፉ ይደቅቃል። አንዲት ደንበኛዬ "ጋሼ፣ የኔን ቀሚስ በትዝታ ይስፉልኝ" ትለኝ ነበር። ኋላ ሰልባጅ መጣና በረንዳውን ሁሉ ወረረው። አዲስ ልብስ የሚያሰፋ ጠፋ፤ የፈረንጅ አሮጌ ልብስ የሚያጠብብ ብቻ ቀረ።

እኔ በልጅነቴ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት በመርፌ ነው። በተማሪ ዩኒፎርም ኪስ ላይ የትምህርት ቤቱን ስም በክር እጽፍ ነበር፤ መጀመሪያ እንደ ሐረግ ሥዕል ቅርጹን እየቀዳሁ፣ በኋላ ደንበኞቼን "ይቺ ማናት? ይቺስ?" እያልኩ። ማንም አልገሠጸኝም፣ ማንም አላበረታታኝም። ልጆቼን ግን በኩርኩምም በልመናም አስተምሬአለሁ፤ አንዳቸውም ከክፍል አልቀሩም። ማንበቡን ቻልኩ እንጂ ወረቀት አልነበረኝም። የአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለመስፋት ብጠይቅ "የትምህርት ማስረጃዎን ያምጡ" ተባልኩ። ለኮሌታና ለእጅጌ ማስረጃ! ግን ሕግ ነው አሉ። በዚያው ሰሞን የጎልማሶች ትምህርት በከተማው ተከፈተ፤ አስራ ሁለተኛ ጨርሳ ነጥብ ያልመጣላት ልጄ ምሕረት አስተማሪ ሆና ተቀጠረች። እኔም ኩራቴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ልጄ ፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ።

ክፍሉ የቀድሞ የእህል መጋዘን ነው፤ መስኮቱ መስታወት የሌለው፣ በብረት ፍርግርግ የታጠረ። የምንማረው ከሥራ በኋላ፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል ነበር። አብዛኞቹ ተማሪዎች በነጋዴዎች ግቢ ቡና ሲለቅሙ የሚውሉ ሴቶች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው ሲለዩ የዋሉ ዓይኖች ናቸውና ፊደል መለየት አልከበዳቸውም። ችግራቸው ሌላ ነበር። በዚህ አገር ባህሏን የጠበቀች ሴት የባሏን አባት ስም በአፏ አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፤ ስሙን የሚመስል ቃል ሁሉ ትሸሻለች፣ በቦታውም ሌላ ትተካለች። ይህ በቤትና በእርሻ ላይ ማንንም አያስቸግርም። ጮክ ብሎ ማንበብ ሲመጣ ግን ጉድ ፈላ።

የአንዷ አማት አበበ ይባላል፤ እሷ "አበባ" የሚል ቃል ስታገኝ "የዛፍ ጌጥ" ብላ ታልፋለች። የቦጋለች አማት ደግሞ አቶ ዝናቡ ናቸው። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ "ዝናብ" ተጽፎ ካየች፣ ዓይኗን ሳታሽ፣ ሳትደናቀፍ፣ "የሰማይ ውሃ" ትላለች። ባል ያላገባችው ተዋበች በዚህ ትዘባነን ነበር።

"እኔ አማት የለኝም፤ ሁሉን እንዳለ አነባለሁ!"

"እሱማ ታነቢያለሽ" ትላታለች ቦጋለች፤ "የሚያዳምጥሽ ባል ነው የጠፋው።"

መጋዘኑ በሳቅ ይሞላል። ምሕረትም አብራ ትስቃለች፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች ነገሩን ታውቀዋለች። ትንሽ ቆይቶ ሌሎቹም ሴቶች ለቦጋለች ክብር ሲሉ "የሰማይ ውሃ" ማለት ጀመሩ። አልቀበልም ያልኩ እኔ ብቻ ነበርኩ። ተራዬ ሲደርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ "ዝናብ!" እል ነበር። የተጻፈ ነገር እንደተጻፈ መነበብ አለበት ባይ ነኝ። ሴቶቹ "መምህርት፣ አባትሽን አስተካክዪልን!" እያሉ ይጮሁብኛል፤ ምሕረት "አባዬ፣ ቀስ" ትለኛለች። በቤት ውስጥ ቀስ በል ያለኝ ልጅ የለም። እዚያ ግን አስተማሪዬ ናትና ዝም እላለሁ።

አቶ ዝናቡን ማወቅ ያስፈልጋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥቂት ቃል የሚናገሩ የእንሰትና የቡና ገበሬ ነበሩ። ልጃቸው የከባድ መኪና ረዳት ሆኖ ወደ ሞያሌ እንደወረደ አልተመለሰም። ምራታቸውን ወደ አባቷ ቤት አልሰደዷትም። "ልጄ ቢጠፋ አንቺ አልጠፋሽም" አሏት፤ ትምህርቱ ሲከፈትም ሂጂ ያሏት እሳቸው ናቸው። እሷ ክፍል ስትገባ ሽማግሌው ሕፃኑን ይዘው ከመስኮቱ ውጭ ባለው ዛፍ ሥር ይጠብቋታል። ልጁ ሲያለቅስ እንደ ሴት በጀርባቸው አዝለው ግቢውን ይዞራሉ። ወንዶቹ ሲያልፉ ይስቁባቸው ነበር።

"ኧረ ዝናቡ ሞግዚት ሆነ!"

"ሆንኩ" ይላሉ አቶ ዝናቡ። "ነገ ደብዳቤ ሲመጣላችሁ ማን ቤት እንደምትሮጡ አያለሁ።"

አንድ ቀን ከክፍል ስንወጣ ቦጋለችን ገሠጽኋት። "የሰማይ ውሃሽን ተዪው። ሰውየውም አይቆጡሽም።" እሷም ልጇን ከሽማግሌው ጀርባ እየተቀበለች፣ እንዳይሰሟት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ጋሼ፣ ትምህርት ቤት የላኩኝን ሰው ስም እየጠራሁ ነው የምማረው?" አለችኝ። መልስ ሳጣ ደግሞ መቆጣት ልማዴ ነው፤ እየተነጫነጭኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በዓመቱ መጨረሻ አካባቢ አንድ ወሬ መጣ። ከይርጋጨፌ ወዲያ ያለ አንድ የቡና ማጠቢያ፣ ከአርሶ አደር ቀይ ቡና ሲረከብ ሚዛኑን አንብባ የምትጽፍ ሴት ይፈልጋል፤ የጎልማሶችን ትምህርት ጨርሳ ወረቀት የያዘች ትቀጠራለች ተባለ። ቋሚ ሥራ! የቡና ለቀማ ወቅቱ ሲያልፍ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ረጅም ናቸው። ቦጋለች ወሬውን ከሰማች ጀምሮ አረማመዷ ተለወጠ። "ደመወዝ ስቀበል መጀመሪያ ለሽማግሌው ካፖርት፣ ከዚያ ለኔ ቀሚስ" ብላ በረንዳዬ ላይ ቆማ ተለካች። ልኳን ያዝኩ። አሁንም ድረስ የምትጠይቀኝ ያን ቀሚስ ነው።

ፈተናው የቃል ንባብ ነበር። ከላይ የተላከ ሱፐርቫይዘር መጣ፤ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ትሑት፣ ለእያንዳንዷ ሴት ከመቀመጫው ብድግ የሚል ሰው። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ምሕረት ከጎኑ ተቀምጣለች፤ ኮንትራቷ የሚታደሰው በሱ ሪፖርት ነው። እኛ ግድግዳውን ተደግፈን ተራ እንጠብቃለን። አቶ ዝናቡ እንደወትሮው ልጁን አዝለው ከመስኮቱ ውጭ ቆመዋል።

ቦጋለች ተጠራች። ነጠላዋን አስተካክላ ወረቀቱን አነሳች። ጽሑፉ ስለ ቡና አደራረቅ ነው። "ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ሲሰጣ የሰማይ ውሃ እንዳይነካው መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የሰማይ ውሃ የነካው ቡና..." እንደ ወንዝ ፈሰሰች።

"ቆይ፣ ቆይ" አለ ሱፐርቫይዘሩ። "እንደገና።"

እንደገና ያንኑ አነበበች። ሰውየው ጣቱን ወረቀቱ ላይ አድርጎ ቀና ብሎ አያት። "እህቴ፣ ያልሽው እዚህ ላይ የለም። ሰው አስጠንቶሽ በቃልሽ ይዘሽ መጥተሻል፤ ማንበብ አይባልም።"

ምሕረትን አየኋት። ጠረጴዛውን ታያለች። ጠበቅኋት። ጠረጴዛውን ታያለች። ያኔ አፌ ከእኔ ቀድሞ ተከፈተ።

"ጌታዬ፣ ታነባለች! ቃሉ የአማቷ ስም ስለሆነ ነው የማትጠራው።"

"እርስዎ ተፈታኝ ነዎት ወይስ ጠበቃ?"

"ልብስ ሰፊ ነኝ።"

ሴቶቹ ሳቁ፤ እሱም ፈገግ አለ። ከዚያ ነገሩን አስረዳሁት፤ ተዋበችም ከኋላ "እውነቱን ነው!" ብላ አገዘችኝ። ሱፐርቫይዘሩ በትዕግሥት አዳመጠ። ስንጨርስም በለሰለሰ ድምፅ፣ "ይሄ ጎጂ ልማድ ይባላል" አለ። "ትምህርት የመጣው ይሄን ሊያጠፋ ነው። እህቴ፣ ቀላል ነው፤ ቃሏን በያትና አሁኑኑ አሳልፍሻለሁ።"

ቦጋለች ወረቀቱን ይዛ ቆማለች። ሁላችንም ከዚያች ቃል ወዲያ ምን እንዳለ እናውቃለን፤ ሚዛኑ፣ ደመወዙ፣ ካፖርቱ። ከመስኮቱ ውጭ ጉሮሮ ተጠረገ። አቶ ዝናቡ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ወደ ፍርግርጉ አስጠጉ።

"በይ ልጄ" አሉ። "ስሙ የኔ ነው። እኔ ፈቅጃለሁ። በይ።"

ቦጋለች ወደ መስኮቱ አልዞረችም። የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ አስጠጋችና "ዝናብ" አለች። እንዲያ ያለ ድምፅ ከሰው አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም፤ ልጅ ከመሬት የወደቀ ነገር አንስቶ ሲበላ የተያዘ ያህል። ሱፐርቫይዘሩ አጨበጨበ። ምሕረት አጨበጨበች። ሴቶቹም የሚያጨበጭብ ካለ ማጨብጨብ ስለለመዱ አጨበጨቡ። እኔ መስኮቱን እያየሁ ነበር። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን መልሰው አላጠለቁም። ልጁን ከጀርባቸው አውርደው ደጃፍ ላይ ለቆመች ሴት ሰጡና ብቻቸውን በአቀበቱ ወጡ።

ከዚያ ወዲያ አንዳቸውም በሌላው አልተቀየሙም። እንዲያውም ቂም ቢሆን ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቅ ነበር። መተያየት ከበዳቸው እንጂ። እሳቸው ሲገቡ እሷ ትወጣለች፤ እሳቸው ሲያዩአት መንገድ ይለውጣሉ። ልጁን ማዘሉም ቀረ። በአንድ የእንሰት ጓሮ እየኖሩ ለየብቻ መብላት ጀመሩ። እሷም ቆይታ ዲላ ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየች።

ወረቀቷን እንደተቀበለች ወደ ማጠቢያው የሄድነው አብረን ነው፤ ብቻዋን ፈራች። በአውቶቡስ ሄደን፣ የቀረውን በእግር ገብተን፣ የቡና ማስጫ አልጋዎች እስከ ወንዙ ድረስ የተደረደሩበት ግቢ ደረስን። ቢሮው ውስጥ ያለው ወጣት ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ ጀርባውን ብቻ አየ። "ይሄ አይሰራም። አስራ ሁለተኛ የጨረሰች ተቀጥራለች" አለን። "ተብሎ ነበር" ስለው "ማን አለ?" አለኝ። ማን እንዳለ እኔም አላውቅም። ይህች አገር ላይ "ተባለ" የሚባል ሰው አለ፤ ቃል ይገባል፣ ሲፈለግ አይገኝም።

ወጥተን መንገድ ዳር ቆመን አውቶቡስ ጠበቅን። ቦጋለች አላለቀሰችም። ወረቀቱን አጣጥፋ አጣጥፋ ክብሪት ካሳከለችው በኋላ፣ "ጋሼ፣ አንዴ ያሉትን ቃል መመለስ ይቻላል?" ብላ ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ ግን መቆጣት አልቻልኩም።

የእኔም ወረቀት ያው ሆነ። የዩኒፎርሙን ሥራ ሌላ ሰው ወሰደው። ወረቀቱ ወፈር ያለ፣ ዳር ዳሩ ወርቃማ ነበርና በመቀስ ቆርጬ የኮሌታ ልክ ማውጫ አደረግሁት። ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ከስሜ "ለገ" የምትለው ቀርታለች። ከዚያ ትምህርት ያገኘሁት ጥቅም እሱ ነው፤ ኮሌታዎቼ ሁሉ እኩል ናቸው።

ምሕረት ከዚያ በኋላ ተማረች፤ ዲግሪዋን ይዛ ሐዋሳ ላይ ትልቅ ቢሮ ገብታለች። እኮራባታለሁ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ሐሰተኛ እሆናለሁ። በስልክ ስናወራ ግን ይቺ ነገር ከተነሳች እስከዛሬ አንግባባም። "አባዬ፣ ሱፐርቫይዘሩ እኮ ትክክል ነበር" ትለኛለች። "ሴት ልጅ ቃል እየዘለለች እስከመቼ ትኖራለች? የምራቱን ስም የማይጠራ አማትስ አይተህ ታውቃለህ?" አይቼ አላውቅም። ልማዱን እኔም አልወደውም፤ ከእሷ በፊት ቦጋለችን የገሠጽኩት እኔ ነኝ። ግን አርባ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። ያረጀ ልብስ ከሰው ላይ የሚወልቀው አዲሱ ተሰፍቶ ሲያልቅ ነው። እነሱ አሮጌውን በአደባባይ አስወለቋት፤ አዲሱን ማን ሰጣት? ይህን ስላት ምሕረት ዝም ትላለች፣ ከዚያ ስለ ጤናዬ ትጠይቀኛለች። የፈተናውን ቀንም እንዲሁ ነበር ዝም ያለችው። ልጆቼን ብዙ ነገር አስተማርኩ፤ በሰው ፊት ለሰው መሟገትን ግን በኩርኩም ማስተማር አይቻልም።

አቶ ዝናቡ ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆነ። ልቅሶው ላይ ነበርኩ። ቦጋለች ከሴቶቹ ጀርባ፣ ከሁሉ ርቃ ቆማ ነበር። አልቃሾች ስማቸውን እየጠሩ ሲያለቅሱ እሷ ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች።

ይህን ሁሉ በሆዴ እያመላለስኩ አቮካዶዋ አጠገብ ቆሜያለሁ። ልጇን አሳየችኝ፤ ያ በአያቱ ጀርባ የታዘለው ሕፃን ጎልምሶ ባጃጅ ይነዳል። ትምህርቱን ስምንተኛ ላይ ትቶታል። "ለምን አስቀረሽው?" ብዬ ልቆጣ ስል ቀደመችኝ። "እኔ አላስቀረሁትም ጋሼ። 'እማ፣ አንቺ ተምረሽ ምን አገኘሽ?' አለኝ። ምን ልበለው?"

ምን ትበለው?

እንዲህ ስንባባል ሰማዩ ጠቆረ። በጥቅምት የሚመጣው ያ ቡና የተሰጣበትን ግቢ ሁሉ የሚያሯሩጥ ድንገተኛ ደመና ከኮረብታው ወረደ። ልጁ ከባጃጁ አንገቱን አውጥቶ ጮኸ። "እማ! ዝናብ መጣ! ሸፍኚው!"

ቦጋለች ብድግ አለች። ላስቲኩን አቮካዶው ላይ እየዘረጋች፣ ጫፉን በድንጋይ እየያዘች፣ እኔንም በእጄ ወደ መጠለያዋ ሳበችኝ። "ይግቡ ጋሼ፣ እንዳይበሰብሱ። የሰማይ ውሃ መጣ።"

ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ጠብታው ላስቲኩን መምታት ጀመረ።

"አዎ" አልኳት፤ "የሰማይ ውሃ ነው።"